በሸንጎው በር የተቀረቀረችው በቅሎ

አንድ የጨው ነጋዴዎች ማደሪያ የነበረ መንደር ነበር። ነጋዴዎቹ በዚያ ማለፍ ከተዉ ረጅም ዘመን ሆኗል፤ መንገዱ በሌላ በኩል ወጣ፣ እነሱም መንገዱን ተከትለው ሄዱ። መንደሩ ግን ስሙን ሳይለውጥ ጨው ማደሪያ እንደተባለ ቀረ። ስሙን ሳይለውጥ መቅረቱ ማንንም አልጎዳም። ደንቡን ሳይለውጥ መቅረቱ ግን ምን እንዳመጣ አሁን እነግራችኋለሁ።

ደንቡ ሲወጣ መልካም ደንብ ነበር፤ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። በዚያ ዘመን ጨው የተጫኑ በቅሎዎች በቤቶች መካከል ሲያልፉ ጭነታቸው ከአጥር ጋር ይፋተጋል፣ አጥር ይፈርሳል፣ አሞሌ ይሰበራል፣ ነጋዴና ባለቤት አንገት ለአንገት ይተናነቃሉ። ይህ የሰለቻቸው የጥንት ሽማግሌዎች አንድ ቀን ተቀምጠው መከሩና እንዲህ ሲሉ ወሰኑ፤ ማንም ቤት የሚሠራ ወይም አጥር የሚያጥር ሰው፣ በእሱና በጎረቤቱ መካከል የተጫነች በቅሎ ምንም ሳትነካ የምታልፍበት መንገድ ይተው። ለመለኪያ የምትሆን አንዲት በቅሎ መረጡና የመንደሩ ሀብት አደረጓት። ሰው ግድግዳ ሲያቆም በቅሎዋ በግራና በቀኝ ትጫንና በአዲሱ ግድግዳ ጥግ ትነዳለች። ጭነቱ ግድግዳውን ካልነካ ሥራው ይቀጥላል፤ ከነካ ግድግዳው በዚያው ቀን ይፈርሳል። በቅሎዋ ስታረጅ ሌላ ትተካለች፣ ደንቡ ግን እንዳለ ይኖራል።

እነዚያ ደጋግ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ብቻ ልብ ሳይሉ ቀርተዋል። የመረጡት መለኪያ የሚበላ መለኪያ ነበር።

ይህ ታሪክ በተፈጸመበት ጊዜ መለኪያዋ ቦራ የምትባል፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት በቅሎ ነበረች። ጨው የሚባል ነገር ተሸክማ አታውቅም። ሥራዋ በየጊዜው ገለባ የተሞላ ስልቻ በግራና በቀኝ ተጭና በሰው ጓሮ መንሸራሸር ነው። የተቀረውን ጊዜ ትበላለች። ማን ያበላታል ብትሉ፣ መንደሩ በሙሉ ነው። ጎረቤቱ እንዳይሠራ የሚፈልግ ሰው ሸንጎ ቀርቦ ቅሬታዬ ይህ ነው ማለት አይችልም ነበር፤ ደንቡ የሚጠይቀው በቅሎዋን እንጂ ጎረቤትን አይደለም። ስለዚህ ያ ሰው የመለኪያው ቀን እስኪደርስ ድረስ ለቦራ ባቄላ በእፍኙ ያቀርባል። «ምስኪን፣ የመንደር ሀብት እኮ ናት» እያለ አንገቷን ያሻሻል። የሚሠራው ሰው ደግሞ ሊያስርባት አይችልም፤ የመንደሩን በቅሎ ያስራበ ይቀጣል የሚል አንቀጽ አለ። እንግዲህ የሚያወፍራት ሞልቷል፣ የሚያከሳት የለም።

ሆዷ በሰፋ ቁጥር ስልቻው ወደ ጎን ይወጣል፣ ስልቻው ወደ ጎን በወጣ ቁጥር መንገዱ ይሰፋል፣ መንገዱ በሰፋ ቁጥር ቤቱ ይጠብባል። ማንም የማያልፍበት ሰፊ መንገድ በየቤቱ መካከል ተጋድሞ፣ አዲስ የተጋቡ ልጆች ከአማት ከምራት ጋር ተጨናንቀው ይኖሩ ጀመር። ቤት መሥራት ይቅርና የዶሮ ቆጥ ማስጠጋት እንኳ የሚያስጨንቅ ነገር ሆነ።

የመንደሩ ሹም ይርዳው ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ማር እንደሚወድ እሱ ደንብ ይወዳል፤ ሌላ ነውር አላውቅበትም። አንዱን አንቀጽ የነካ ሰው መላ መንደሩን ያፈርሳል ብሎ ያምን ነበር። ሰዎች ሲያማርሩበት፣ ደንብ ሊሻሻል እንደሚችል፣ ለዚያም ሥርዓት እንዳለው በትዕግሥት ያስረዳቸዋል፤ ሽማግሌዎቹ ተሟልተው ይቀመጣሉ፣ አቤት ባዩ ይቀርባል፣ መለኪያዋም ከነጭነቷ ሸንጎው ውስጥ ትገኛለች። ይህ ሥርዓት በማን ዘመን ተሞክሮ እንደሚያውቅ ግን የሚያስታውስ አልነበረም።

በዚያ መንደር እትዬ ደብሪቱ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ፣ የማዶ ሴቶች ቀናቸው ከመድረሱ በፊት ተሻግረው እሷ ዘንድ ይሰነብታሉ። ባለፈው ክረምት ብዙ ሴቶች መጥተው ከእሷና ከፍየሎቿ ጋር እርስ በርስ ተጣበው ከረሙ፤ ቦታ ጠቧት የመለሰቻቸውም ነበሩ። ከተመለሱት አንዷ እንጉዳይ የምትባል የማዶ ልጅ ናት። እንጉዳይ ምጥ ሲይዛት እንደገና ለመምጣት ተነሥታ ወንዙ አገዳት፤ ዳር ላይ ዝናብ እየመታት ወለደች፣ ልጁም አልተረፈም። ደብሪቱ ይህን በሰማች ቀን እህል አልቀመሰችም። ዘንድሮ እንጉዳይ ደግማ ስትፀንስ ደብሪቱ ራሷ ማዶ ተሻግራ፣ ክረምት ሳይገባ የምትተኚበት ክፍል ሠርቼ እጠብቅሻለሁ ብላ ቃል ገባችላት።

ክፍሉን ከቤቷ ጎን ልትቀጥል ግድግዳ አቆመች። ቦራ መጣች፣ ስልቻው ግድግዳውን ነካ፣ ግድግዳው ፈረሰ። ደብሪቱ ወደ ቤቷ አስጠግታ ሁለተኛ አቆመች። ቦራ በዚህ መሃል ወፍራ ስለነበር አሁንም ነካች። ሦስተኛ ጊዜ ግድግዳው እጅግ ከመጠጋቱ የተነሣ፣ ውስጥ የምትተኛ ሴት ወይ ራሷን ወይ እግሯን ደጅ ማሳደር ነበረባት። እሱም ፈረሰ። ባቄላውን የሚያቀርበው ጎረቤቷ አያ ካሴ መሆኑን ደብሪቱ አላጣችውም። የቦራን አንገት ሲያሻሽ አይታዋለች፤ ግን በቅሎ ማብላት ወንጀል ሆኖ አያውቅም።

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ደብሪቱ ወደ ሹሙ ሄደች።

«ደንቡ ይፍረስልኝ አላልኩም፤ ይታይልኝ ነው የምለው» አለችው።

«ደንብ ለማየት ሥርዓት አለው።»

«በሥርዓቱ ይሁንልኛ። ሸንጎው ይቀመጥ፣ በቅሎዋም ትቅረብ።»

ሹም ይርዳው ደስታውን መደበቅ አቃተው። በሹመት ዘመኑ ሁሉ ሰው ሲያጉረመርም እንጂ አንቀጹን ጠቅሶ ሲጠይቀው አልሰማም ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንዲሆን ቀጠረላት። አያ ካሴም ወሬው ደረሰው። በቅሎዋ ሸንጎ ገብታ ምን እንደምታደርግ ባይገባውም፣ ለማንኛውም ብሎ ባቄላውን እጥፍ አደረገው።

እሑድ መንደርተኛው በሙሉ ወጣ። ሸንጎው ክብ የሣር ቤት ሲሆን ዙሪያውን ከሰው ቁመት በሚበልጥ ወፍራም የእንጨት አጥር ታጥሯል። መግቢያው አንድ ነው፤ በግራና በቀኝ የቆሙት ሁለት የወይራ ምሰሶዎች የጥንቶቹ ሽማግሌዎች በእጃቸው የተከሏቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ከመንደሩ ካህን ጋር ገቡ፣ ሹሙ ገባ፣ ደብሪቱ ገባች። በመጨረሻ ቦራ ስልቻዎቿን ተጭና በክብር ቀረበች።

አንገቷ ገባ። ደረቷ ገባ። ከዚያ ስልቻዎቹ ሁለቱን ምሰሶዎች ነክሰው ያዙና ቀጥ አለች።

ከውስጥ ያሉት ልጓሟን ሳቡ፣ ከውጭ ያሉት ወገቧን ገፉ። እንዳይቆርጡት የጭነቱ ማሰሪያ ጠፍር በስልቻውና በምሰሶው መካከል ተጣብቆ ጠፍቷል። አያ ካሴ ሊያባብላት ከኋላ ሲጠጋ የባቄላው ሽታ አወዳት፤ ወደ እሱ ልትዞር ስትታገል የባሰ ተቀረቀረች። ወንዱም ሴቱም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሹም ይርዳው ብቻ አልሳቀም። ዓይኑን ከምሰሶዎቹ ላይ አላነሣም።

አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ የአባቶቻችን በር ደንብ ጥሷል ማለት ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። ሸንጎው ተናወጠ። ግማሹ በቅሎዋ ናት ጥፋተኛ አለ፣ ግማሹ በሩ ነው አለ፤ እንጨት ሲያረጅ ስለሚጣመም በሩ ከጊዜ ብዛት ጠቦ ይሆናል ያሉም ነበሩ። ደንቡ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ መለኪያዋ የነካችው ይፈርሳል። ይህን በመንደሩ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሹሙ ነበር፣ ደንቡን ሲያነብብም ድምፁ ተሰብሮ አያውቅም። አሁን ግን የአባቶቹን ምሰሶ አፍርሱ ለማለት ድፍረት አጣ።

በዚህ መሃል የመጀመሪያው ነጎድጓድ ተሰማ፣ ከወንዙ በኩልም ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ መጡ። በቃሬዛው ላይ ያለችው እንጉዳይ ነበረች። ምጡ ካሰቡት ቀን ቀድሞ ይዟት፣ ባሏና ወንድሞቹ ወንዙ ሳይሞላ አሻግረዋት ወደ ደብሪቱ ቤት ወስደዋታል፤ ቤቱ ዝግ ሲሆንባቸው ሸንጎ ናት ተብለው ነው ወደዚህ የመጡት። አዋላጇ ከአጥሩ ወዲህ፣ ወላዷ ከአጥሩ ወዲያ፣ በመካከላቸው ቦራ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ደብሪቱ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን አሾልካ የእንጉዳይን ሆድ ዳበሰች፣ ባሏንም ምጡ መቼ እንደጀመራት ጠየቀችው። መልሱን ስትሰማ ወደ ሹሙ ዞረች።

«ጌታዬ፣ ይህች ልጅ አንድ ልጅ ወንዝ ዳር ቀብራለች። ሁለተኛ አያስቀብሯት። አጥሩን ያፍርሱልኝ።»

«የሸንጎ አጥር…» አለ ሹሙ፤ «የሸንጎ አጥር የሚፈርሰው ሸንጎው ተሟልቶ ሲወስን ነው፣ መለኪያዋ ባለችበት።»

«ሸንጎው ሞልቷል። መለኪያዋም ግማሿ ገብታለች፤ ለዚህ ጉዳይ ግማሿ ይበቃል። ይወስኑ።»

ሹም ይርዳው ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ በቅሎዋን አዩ። በቅሎዋ ማንንም አላየችም። ሹሙ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ ጣለና ከበሩ ምሰሶ አጠገብ ያለውን የአጥር እንጨት በሁለት እጁ ጨብጦ ነቀለ። ዕድሜ ልኩን የሌላውን ግድግዳ ሲያስፈርስ የኖረ ሰው በገዛ እጁ የሸንጎውን አጥር ሲያፈርስ ያዩ ሁሉ ተከትለው ገቡበት፤ አጥሩ ሰፊ ሆኖ ተከፈተ። እንጉዳይን አስገቧት። ደብሪቱ ሹሙንም ሽማግሌዎቹንም ካህኑንም አንድ ሳታስቀር ከሣር ቤቱ አስወጣቻቸውና ሴቶቹን ብቻ ይዛ በሩን ዘጋች። ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ።

ደንብ ሲያወጡና ሲያጸኑ የኖሩት ሽማግሌዎች ከነጋቢያቸው ሜዳ ላይ በሰበሱ። የሚሄዱበት ስላጡ አይደለም፤ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሚሆን ሳያውቁ መሄድ አልቻሉም። የእንጉዳይ ባል መሬት ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል። ምሰሶው ሲላላ ነፃ የወጣችው ቦራ ከሸንጎው ጣራ ሣር እየነጨች ትበላለች። ሹም ይርዳው ወደ ምሰሶዎቹ ሄዶ በእጁ ዳበሳቸው። በጭነት ቁመት ላይ እንጨቱ ተፍቆ ለስልሷል። ከብዙ ዘመን በፊት ጨው የተሸከመች በቅሎ ከነጭነቷ በዚህ በር ትገባና ትወጣ ነበር ማለት ነው። አባቶቹ ያቆዩት ስፋት ይህ ነው፤ ስፋቱም አልተለወጠም፣ የተለወጠችው በቅሎዋ ናት። 

ይህ ሲገባው፣ ቦራን ወደ አያ ካሴ ያዞራት የባቄላ ሽታ ትዝ አለውና ሰውዬውን ወደ ራሱ ጠራው።

«ካሴ፣ በዚህ ሁሉ ባቄላ ምን ፈልገህ ነበር?»

አያ ካሴ አንገቱን ደፍቶ፣ እንቅልፍ ነው አለ። እንቅልፉ ቀላል መሆኑን፣ የሴቶቹ ጩኸት በመስኮቱ እንደሚገባና ሌሊቱን ሙሉ ልቡ እየመታ እንደሚያድር ተናገረ። ለሴቶቹ ክፉ አይመኝም፤ ክፍሉ ወደ እሱ ግድግዳ መምጣቱ ብቻ ነው የከበደው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ ጌታዬ? በዚህ አገር የሚጠየቀው በቅሎዋ ናት።»

 በዚያች ቅጽበት የሕፃን ልቅሶ ከሣር ቤቱ ወጣ። ሜዳው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እልል ለማለት ፈልጎ፣ እናቲቱ ደኅና መሆኗን ሳይሰማ ፈራ። ደብሪቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ ሴት ናት ስትል እልልታው መንደሩን አናወጠው። የእንጉዳይ ባል አለቀሰ፤ ሹሙም አለቀሰ፣ ዝናብ ስለነበር ግን አልታወቀበትም። አያ ካሴ ጆሮውን ጥሎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ ይህኛው ድምፅስ እንቅልፍ አይነሳም አለ።

በጨው ማደሪያ ታሪክ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ የወሰነ ሸንጎ የለም፤ የሚዘንብበት ሸንጎ ንግግር አያስረዝምም። እዚያው ቆመው ሁለቱን ምሰሶዎች የሚያገናኝ ቀጥ ያለ እንጨት አስቆረጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንገድ መለኪያው ያ እንጨት ሆነ፤ እንጨት ባቄላ አይበላም። ሰው ሊሠራ ሲነሣ ጎረቤቱ በአካል ይጠየቃል፣ ያለውንም በፊት ለፊት ይናገራል። በየዓመቱ አዝመራ ተሰብስቦ ቤት የሚሠራበት ወራት ሲገባ ደግሞ ደንቦቹ አንድ በአንድ ለሕዝብ ይነበባሉ፤ ጊዜ ያለፈበት አንቀጽ ካለም ማንም ሰው ተነሥቶ ይታይልኝ ማለት ይችላል። ሽማግሌዎቹ በዚሁ ሙቀት ለሕፃኗ ስም ማውጣት ጀምረው ነበር። እንጉዳይ ከውስጥ፣ ስሟን እኔ አውጥቻለሁና አትድከሙ ብላ ላከችባቸው።

የደብሪቱ ክፍል በዚያው ሳምንት በአዲሱ እንጨት ተለክቶ ቆመ። በሩና መስኮቱ ወደ ማዶ እንዲዞሩ፣ በአያ ካሴ በኩል ያለው ግድግዳም በወፍራሙ እንዲመረግ ተስማሙ። ጭቃውን ከረገጡት አንዱ ራሱ አያ ካሴ ነበር፤ የተረፈውን ባቄላም ለሠራተኞቹ ንፍሮ አድርጎ አቀረበ። ቦራ ወደ እውነተኛ ሥራ ገባች፣ እንጨትና ውኃ እየተሸከመች ቅርጿ ተመለሰ። ሹም ይርዳው ደግሞ ደንብ መውደዱን አልተወም። በየዓመቱ ሲያነብብ ግን በእያንዳንዱ አንቀጽ መጨረሻ ቀና ይልና፣ «ይህኛው ዛሬ ማንን ያሳልፋል? ማንንስ ያግዳል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ እስኪያገኝም ወደሚቀጥለው አያልፍም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ደንብ የሚወጣው ሰው እንዲያልፍ ነው፤ ያወጡትም ሰዎች ለዘመናቸው በቅን ልብ አስበውበታል። ያሰቡበትን ምክንያት ረስተን መልኩን ብቻ ከጠበቅን ግን ደንቡ ቀስ በቀስ እየወፈረ የገዛ በራችንን ይዘጋብናል። ሰው ሐሳቡን የሚናገርበት ቦታ ሲያጣ ደግሞ ዝም አይልም፤ ባቄላ ይዞ በጓሮ ይዞራል። ዘመን ያለፈበትን ደንብ ማሻሻል አባቶችን መናቅ አይደለም፣ አባቶች የተከሉትን በር መልሶ መክፈት ነው።

እናንተ ባላችሁበት መንደር፣ መሥሪያ ቤት ወይም ቤተሰብ ውስጥ በሩን የዘጋችው በቅሎ የትኛዋ ናት? ባቄላውንስ የሚያቀርብላት ማን ነው? የሰው ስም ከመጥራታችሁ በፊት ግን እስቲ የራሳችሁን ኪስ ዳብሱ።